ፔር ፎርስኮል፦ የቀይ ባሕርን ዓሦች በአጥማጆች ስማቸው የመዘገበው ሊቅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን 1762 ከሱዌዝ የተነሣች መርከብ ጂዳ ወደብ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቿ መካከል የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ ወደ ዓረቢያ የላካቸው ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከስድስቱ አንዱ፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ጥናት የተሰጠው፣ የሠላሳ ዓመቱ ፔር ፎርስኮል ነው። በጂዳ የቆየው ስድስት ሳምንት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ከዘጠኝ ወር በኋላም በሕይወት አልነበረም። ሆኖም ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የባሕር ሳይንስ ሊቃውንት የቀይ ባሕርን ዓሦች በሚጠሩበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሳያውቁት፣ ይህ ሰው ከዓረብ አጥማጆች አፍ የሰማቸውን ቃላት ይደግማሉ።

ጂዳ ያን ጊዜ በቅጥር የተከበበች ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። አል-በለድ በመባል የሚታወቀው የጥንቱ ከተማ ያኔ ጂዳ ራሷ ነበር፤ ከእርሱ በስተደቡብ የሚገኘው የሂንዳዊያ ሰፈር ያረፈበት ምድር ከቅጥሩ ውጪ ነበር። ቅጥሩ እስከ 1947 ድረስ ቆሞ ኖሮ ከተማዋ ስትሰፋ ፈረሰ። በዘመኑ ጂዳ የኦቶማን ፓሻና የመካ ሸሪፍ ሥልጣን የሚጋሩባት፣ የየመን ቡናና የሕንድ ጨርቅ የሚያልፍባት፣ ሐጃጆች የሚወርዱባት በር ነበረች። እንግዶቹ ክፉ ነገር ይደርስብናል ብለው ፈርተው ነበር። የጂዳ ሕዝብ ግን የውጭ ነጋዴ ማየት የለመደ በመሆኑ በገበያውና በቡና ቤቱ እንደ ልባቸው ተመላለሱ፤ የተከለከለባቸው ወደ መካ በሚያወጣው በር መቅረብ ብቻ ነበር።

ፎርስኮል የተወለደው ጃንዋሪ 11 ቀን 1732 በሄልሲንኪ ሲሆን፣ ከተማዋ በዚያ ዘመን በስዊድን መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ ቄስ ነበሩ። ልጁ ገና በአሥር ዓመቱ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። በዚያ የነገረ መለኮትና የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ተከታተለ፤ ከዚህም ጋር ሕያዋን ፍጥረታትን ሁሉ በሁለት ስም የመጠሪያን ሥርዓት ላቆመው ለካርል ሊኒየስ ደቀ መዝሙር ሆነ። ወደ ጀርመን ጎቲንገን ሄዶም በፍልስፍና የዶክትርና ማዕረግ አገኘ። ቋንቋና ተፈጥሮን አጣምሮ መማሩ ኋላ በቀይ ባሕር ዳርቻ ከማንኛውም ባልደረባው በላይ ጠቅሞታል።

ወደ ስዊድን ተመልሶ በ1759 ስለ ዜጎች ነጻነት የምትናገር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ባለሥልጣናት ወዲያው አገዷት። የተበተኑትን ቅጂዎች እንዲሰበስብ የታዘዘው ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የበላይ የነበረው መምህሩ ሊኒየስ ነበር። ከታተሙት 500 ቅጂዎች መካከል የተመለሱት 79 ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ሊኒየስ በትጋት ፈልጎ እንደሆነ ወይም የደቀ መዝሙሩን ሥራ ለማዳን ሲል ፈዘዝ ብሎ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ለፎርስኮል ግን በአገሩ መቆየት ምቹ አልሆነም፤ የዴንማርክ ንጉሥ ጥሪም በዚያው ሰሞን መጣ።

ተልእኮው በጃንዋሪ 1761 ግሮንላንድ በተባለች የጦር መርከብ ከኮፐንሃገን ተነሣ። የቋንቋ ሊቁ ፎን ሃቨን፣ የካርታ ባለሙያው ካርስተን ኒቡር፣ ሐኪሙ ክራመር፣ ሠዓሊው ባውረንፋይንድና አገልጋያቸው በርግሬን የፎርስኮል የጉዞ ጓዶች ነበሩ። በመካከላቸው ፍቅር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በተለይ ፎን ሃቨንና ፎርስኮል ዐይን ለዐይን አይተያዩም ነበር። በኮንስታንቲኖፕልና በእስክንድርያ አልፈው በካይሮ ብዙ ወራት ቆዩ። ፎርስኮል የአገሬውን ልብስ ለብሶ፣ ከገበሬ ጋር እየዋለ፣ በመጽሐፍ የተማረውን ዓረብኛ የሜዳ ዓረብኛ አደረገው። ዕፅዋት ሲለቅም ወንበዴዎች አግኝተው ልብሱን ሳይቀር የገፈፉበት ቀንም ነበር። እርሱ ግን በማግሥቱ ተመልሶ ወጣ።

በጂዳ ከፓሻው እንደራሴ ጋር ተወዳጅቶ ነበር። እንደራሴው ስለ ከዋክብት መነጋገር ይወድ ስለነበር ፎርስኮል ደጋግሞ ይጠይቀው ነበር፤ ከቤቱ አጠገብ አትክልት እንዲያስተክል፣ የመካን የበለሳን ቁጥቋጦም አስመጥቶ እንዲያጸድቅ መከረው። ከዚያ ሰሞን የተረፈ ሌላ ትዝታም አለ። በጂዳ ባሕር ዳርቻ ዳክዬ የሚያድን ሰው ራሱን በባሕር ሣር ሸፍኖ በቀስታ እየዋኘ ወደ ወፎቹ ይቀርባል፤ እነርሱም ሣር ብቻ ስለሚመስላቸው አይሸሹም፤ እርሱም እግራቸውን ከሥር ይይዛል። ፎርስኮል ይህን ቀደም ሲል በመጻሕፍት አንብቦ አላመነም ነበር። ያመነው በዐይኑ ሲያይ ነው። የሰውየው ጠባይ ይህ ነበር፦ ያላየውን አይጽፍም።

ዋናው ሥራው ግን ባሕሩ ነበር። ከእርሱ በፊት የቀይ ባሕርን ዓሣ በአዲሱ የሊኒየስ ሥርዓት አንድ በአንድ የገለጸ አልነበረም። አጥማጆች መረባቸውን ሲያወጡ ይቀርባል፤ የእያንዳንዱን ዓሣ የክንፍ አጥንት ይቆጥራል፤ ቀለሙ ሞቶ ሳይደበዝዝ ይጽፋል፤ የተገኘበትን ስፍራ፣ ሱዌዝም ቢሆን ጂዳ፣ ሉሐያም ቢሆን ሞኻ፣ ይመዘግባል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ዓሣ በእናንተ ዘንድ ስሙ ማን ነው? መልሱን በዓረብኛ ፊደል ይይዛል፤ አልፎ ተርፎም ያንኑ ስም የሳይንስ ስም ያደርገዋል።

በጂዳ የዓሣ ገበያ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡሃር የሚባለው ቀይ ዓሣ በሳይንስ ሉትያኑስ ቦሃር ነው። በፈረሳን ደሴቶች በየዓመቱ በዓል የሚደረግለት ሐሪድ፣ ሂፖስካሩስ ሐሪድ ይባላል። ዐይነ ትልቁ ቀዩ ዓሣ፣ ዓረቦች ለኮራል በሚሰጡት ስም፣ ሚሪፕሪስቲስ ሙርጃን ሆኗል። ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የተሳለ እሾህ ያለው ሶሃልም፣ ጎባንም፣ ጀርቡዓም፣ ሐረክም ሁሉም በላቲን ልብስ ውስጥ ያሉ የዓረብኛ ቃላት ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀው አቡደፍዱፍ ነው፤ የአንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ከአትላንቲክ እስከ ፓስፊክ የሚኖሩ የብዙ ዝርያዎች የወል ስም ሆኗል። በዓረብኛ አቡ ማለት አባት ሲሆን በቅጽል ስም መነሻነት ያገለግላል፤ አማርኛ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ የጀግናን የፈረስ ስም እንደሚያወጣው ዓይነት ነው። በቶኪዮ ወይም በሲድኒ ያለ ተመራማሪ አቡደፍዱፍ ብሎ ሲጽፍ የቀይ ባሕር አጥማጅ ያወጣውን ስም እየጻፈ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው መልካም ዘዴ ወሰን ነበረው። አጥማጅ ስም የሚያወጣው ለሚያየው፣ ለሚሸጠው ወይም ለሚፈራው ዓሣ ነው። ከጣት ያነሰ፣ በኮራል ቅርንጫፍ መካከል ተጣብቆ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ወይም በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረው ዓሣ በመረብም በመንጠቆም አይወጣም፤ ገበያም አያውቀውም። ፎርስኮል ከእነዚህ ጥቂቶቹን አግኝቷል። ጎቢ ከሚባለው የትንንሽ ዓሦች ወገን ደመናማ መልክ ያለውን አንድ ዝርያ ገልጿል፤ እንደ እባብ ቀጥኖ ከድንጋይ ሥር የሚሹለከለክ ነጠብጣባም ዓሣም፣ ዛሬ ሃሊዮፊስ ጉታቱስ የሚባለው፣ በመጽሐፉ አለ። ባዶ እጁን ውኃ ዳር ለቆመ፣ የመጥለቂያ መሣሪያ ለሌለው የ18ኛው መቶ ዘመን ሰው ይህም ብዙ ነው።

ናሙና የሚያቆይበት መንገድም ለትንንሾቹ አይመችም ነበር። የዓሣውን ግማሽ ጎን ቆዳ ከነክንፉ ይገፍፋል፤ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ ጠፍጥፎ ያደርቀዋል። ዓሣው በአንድ ዐይኑ የሚያይ ሥዕል መስሎ ይቀራል። በግመል ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የቀለለ ዕቃ የለም፤ ግን ሁለት ጣት የማይሞላ ዓሣ እንዴት ይገፈፋል? ለእንዲህ ያለው ቀሪው መንገድ በአልኮል በርሜል መዝፈቅ ነበር፤ በርሜሉ ምን እንደገጠመው ወደፊት እናያለን።

ዲሴምበር 1762 አጋማሽ ላይ ተልእኮው ጂዳን ለቆ ወደ የመን ወረደ። በሉሐያ የተቀበላቸው አሚር ፈርሐን በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ የተሸጠ፣ ኋላ በችሎታው ለአገረ ገዥነት የበቃ ጥቁር ሰው ነበር፤ የአውሮፓ ተጓዦቹ ከእርሱ የበለጠ ደግ አስተናጋጅ በመንገዳቸው ሁሉ አላገኙም። ፎርስኮል በአጉሊ መነጽር ትንሹን አግዝፎ የማየትን ጥበብ ሊያሳየው ፈልጎ ቅማል ጠየቀ። የቀረበለት አገልጋይ ቅማል አለብህ የተባለ መስሎት በጣም ተቆጣ፤ ገንዘብ ሲሰጠው ግን አንዲት አመጣ። በመነጽሩ ሲያይ ይህን የሚያህል ቅማል በዓረብ ምድር እንደማይገኝ፣ ከአውሮፓ የመጣ መሆን እንዳለበት ተከራከረ። ሳቁ ሳያንስ፣ ዐይን ከለመደው መጠን በታች ያለው ዓለም ለማንም አዲስ እንደነበረ ታሪኩ ያሳያል።

በሞኻ ሳቅ አልነበረም። በ1763 የጸደይ ወራት ወደ ጉምሩኩ ሲደርሱ ሹማምንቱ የተፈጥሮ ናሙናዎቹ ሳጥንና በርሜል ካልተፈተሸ አሉ። ፎርስኮል በባሕሩ ዳር ሁሉ ያጠራቀማቸው ዓሦች የተዘፈቁበት በርሜል ተከፈተ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ የቆመው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ተቆጣ። ቀጥሎ በአልኮል የተቀመጡ እባቦች ሲወጡ ነገሩ ባሰ፤ እነዚህ ሰዎች ሕዝብ ሊመርዙ መጥተዋል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ጉዳዩ የበረደው ከብዙ ልመናና ስጦታ በኋላ ነው። የሹማምንቱን ሥጋት መረዳት አያስቸግርም። አንድ የማይታወቅ ሰው የበሰበሰ የሚመስል ዓሣና መርዛም እባብ በውድ ዕቃ ጠቅልሎ አገር ለአገር ሲዞር ለሳይንስ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

ከዚያ ሞት ተከታተለ። ፎን ሃቨን በሜይ 1763 በሞኻ ዐረፈ። የቀሩት ወደ ሰንዓ ጉዞ ጀመሩ። ፎርስኮል በወባ ተያዘ፤ በተራራው መንገድ በግመል ጀርባ ላይ እየተደገፈ ተወሰደ። ጁላይ 11 ቀን 1763 በያሪም ከተማ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነበር። ኒቡር በሳጥን አስቀበረው፤ ሳጥኑ ግን ሀብት የተቀበረበት መስሏቸው ሰዎች መቃብሩን ቆፈሩት፤ አስከሬኑም ያለ ሳጥን ዳግም ተቀበረ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ሠዓሊው፣ አገልጋዩና ሐኪሙ ወደ ሕንድ ሲሄዱና ከደረሱ በኋላ ሞቱ። ከስድስቱ ሰዎች በ1767 ኮፐንሃገን የተመለሰው ኒቡር ብቻ ነው።

ኒቡር የሒሳብና የካርታ ሰው ነበር። ዓሣ አያውቅም፤ በላቲን መጻፍም ሙያው አልነበረም። በእጁ ያለው የሟች ባልደረባው የችኮላ ማስታወሻ፣ በየወረቀቱ የተበተነ፣ ጽሑፉ ለማንበብ የሚያስቸግር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ለቤተ መጻሕፍት ሰጥቶ ይተወው ነበር። እርሱ ግን አስተካክሎ በ1775 የእንስሳቱን መጽሐፍና የዕፅዋቱን መጽሐፍ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሥዕሎቹን አሳተመ። በዛሬ የዓሣ መዝገብ ከፎርስኮል ስም ጋር 1775 የሚል ዓመት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውየው ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ለኒቡር የሚገባው ምስጋና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከግማሽ መቶ ዘመን በላይ ቆይቶ ሥራውን ያስቀጠለው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የቀረበ ነው። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ከጂዳ እስከ ምጽዋ ባሕሩን መርምሯል፤ ከምጽዋም ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር ወጥቶ ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ አስተዋውቋል። ፎርስኮል ያልደረሰባቸውን ትንንሾች በተመለከተም እጁ ረዥም ነበር፤ በኮራል ቅርንጫፎች መካከል ዕድሜዋን የምትጨርሰውን ጭንቅላተ ቀይ ጎቢ በ1830 የገለጸው እርሱ ነው።

ሊቃውንት ወደ እነዚህ ተሸሻጊዎች በሙሉ ልብ የዞሩት ግን በእኛው ዘመን ነው። ምክንያቱም መጠናቸው ሲታይ የማይመስል ነገር ተገኘ። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በኮራል ሪፍ ላይ በሌሎች ከሚበላው የዓሣ ሥጋ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው የሚመጣው ከአምስት ሴንቲ ሜትር ከማይበልጡት ከእነዚሁ ዓሦች ነው። ቶሎ ይወለዳሉ፤ ቶሎ ይበላሉ፤ ቶሎ ይተካሉ። በአውስትራሊያ የተጠና አንድ ድንክ ጎቢ ከ59 ቀን በላይ አይኖርም፤ ፎርስኮል በጂዳ ከቆየበት ጊዜ ብዙም የማይረዝም ዕድሜ ነው። በገበያ የሚሸጠው ትልቁ ዓሣ፣ አጥማጁ ስም ያወጣለት፣ የሚያድገው ስም ባልወጣላቸው ላይ ነው ማለት ነው።

ከጂዳ በስተሰሜን በቱወል የሚገኘው የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በሳዑዲ የቀይ ባሕር ዳርቻ ያጠናሉ። ዘዴው ከግማሽ ቆዳ ማድረቅ የራቀ ነው። ጠላቂው ስንጥቁ ውስጥ የቅርንፉድ ዘይት የተቀላቀለበት ማደንዘዣ ይረጫል፤ የደነዘዙትን ትንንሽ ዓሦች አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ለዐይን አንድ የሚመስሉትን የዘር ቅንጣታቸው ምርመራ ይለያቸዋል። በ2024 ከቱወል አካባቢና ከፈረሳን የተገኘች፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ፣ ደማቅ ቀይ ጎቢ ይፋ ሆነች። መጀመሪያ በ1972 ከተያዘች አንዲት ናሙና ብቻ የምትታወቀው ዝርያ መስላቸው ነበር፤ ሲመረመር ግን አዲስ ሆና ተገኘች። የሳይንስ ስሟ ሱኤቪዮታ ኤቶን ነው፤ አፏ ወደ ታች የታጠፈ በመሆኑ ተመራማሪዎቹ ኩርፍተኛዋ ድንክ ጎቢ ብለው ይጠሯታል። የዓረብኛ የገበያ ስም የላትም።

ሊኒየስ ደቀ መዝሙሩን ያሰበበት መንገድ የራሱ ነበር። ፎርስኮል ከግብፅ ከላከለት ዘር ያበቀለውን፣ ከሳማ ወገን የሆነውን፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ አልለቅም የሚል ተክል በስሙ ፎርስኮሊያ ብሎ ሰየመው፤ ሁለተኛውን ስምም እጅግ ጨባጭ የሚል ትርጉም ባለው የላቲን ቃል አደረገው። ዓሣ በስሙ የተጠራለት ዘግይቶ፣ በ1976 ነው፤ በጂዳ ዳርቻ አሸዋውን በሁለት ጢሞቹ እየቆፈረ ምግቡን የሚፈልግ፣ ፓሩፔኔዩስ ፎርስካሊ የሚባል የቀይ ባሕር ዓሣ። በወረቀት ላይ ከደረቁት ናሙናዎቹም መቶ ያህሉ ዛሬም በኮፐንሃገን ሙዚየም ይገኛሉ።